ታላቁን ከበሮ መቺ ስለ መምረጥ፦ ከልደታ ማኅሌት እስከ ነጋሪትና ድራም

የዓለም የሙዚቃ መጽሔቶች በየጊዜው እያነሡ መቋጫ ከማያገኙላቸው ጥያቄዎች አንዱ «የዘመናት ሁሉ ታላቅ ከበሮ መቺ ማነው?» የሚለው ነው። «ሮሊንግ ስቶን» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ መቶ ሰዎችን በደረጃ አሰልፎ በመጀመሪያው ስፍራ የእንግሊዙን የ«ሌድ ዜፕሊን» ጓድ ከበሮ መቺ ጆን ቦናምን፣ በሁለተኛው ኪዝ ሙንን፣ በሦስተኛው ጂንጀር ቤከርን አስቀመጠ። የጃዝ ወዳጆች በበኩላቸው በዲ ሪችን፣ ማክስ ሮችን ወይም ኤልቪን ጆንስን ያላስቀደመ ዝርዝር ዝርዝር አይባልም ባዮች ናቸው። ከአፍሪካ በኩል የተመለከተው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ያረፈውን ናይጄሪያዊውን ቶኒ አለንን ይጠራል።

እነዚህ ወገኖች በምንም ሳይስማሙ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም ተመራጩ ስሙ በሸክላ ሽፋን ላይ የታተመ ሰው መሆን አለበት የሚለው ነው። ይህን ማንም በግልጽ አይናገረውም፤ ነገር ግን ምርጫው የሚጀምረው ስም ካላቸው መካከል ስለሆነ፣ ስም የሌለው ገና ከበሩ ሳይገባ ወድቋል። መለኪያው ከመለካቱ በፊት የሚለካውን ነገር መርጦ አስቀርቷል ማለት ነው። በመለኪያ መሣሪያ ለሚሠራ ባለሙያ ይህ ዓይነቱ ስሕተት እንግዳ አይደለም።

ጥያቄውን ከአዲስ አበባ ሰፈሮች በአንዱ፣ በልደታ ቆሞ ላነሣው ሰው ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ልደታ ስሙን ያገኘው ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። በየዓመቱ ግንቦት 1 ቀን በዓሉ ሲከበር፣ ከዋዜማው ሌሊት ጀምሮ ማኅሌት ይቆማል፤ ከበሮ ይመታል። በዚያው በልደታ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ችሎት ያስችላሉ፤ በችሎቱም ዘወትር «ነጋሪት ጋዜጣ» እየተጠቀሰ ክርክር ይደረጋል። ነጋሪት ደግሞ ጋዜጣ ከመሆኑ በፊት ከበሮ ነበረ። በአንድ ሰፈር ውስጥ፣ በእግር በሚደረስ ርቀት፣ የሁለት ታላላቅ ከበሮዎች ቅርስ ይገኛል፤ አንዱ እስካሁን በእጅ ይመታል፣ ሌላው ድምፁ ጠፍቶ ስሙ በወረቀት ላይ ቀርቷል። የሁለቱንም መቺዎች ስም ዘርዝር የተባለ ሰው ግን ብዙ ርቆ ሊሄድ አይችልም።

የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ አሠራሩ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ዋንዛን ከመሰለ፣ ሲደርቅ ከማይሰነጠቅና ለመሸከም ከማይከብድ እንጨት ግንዱ ይቦረቦራል። አንደኛው አፉ ሰፊ፣ ሁለተኛው ጠባብ ይደረጋል። በሁለቱም አፍ ላይ የበሬ ቆዳ ይወጠርና ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው በሚመላለስ ጠፍር ይጠፈራል። ጠፍሩ በእርጥቡ ይታሰራል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ሁለቱን ቆዳዎች እርስ በርሳቸው ያጓትታል። ስለዚህ ከበሮው ያለ ብሎን፣ ያለ ማጥበቂያ፣ ራሱን በራሱ የወጠረ መዋቅር ነው። በዛሬው የሙያ ቋንቋ ቅድመ ውጥረት የተሰጠው መዋቅር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የተወጠረ ክብ ቆዳ የሚሰጠው ዝቅተኛ ድምፅ በሦስት ነገሮች ይወሰናል፤ በስፋቱ፣ በውጥረቱና በክብደቱ። የቆዳው ዲያሜትር በእጥፍ ቢያድግ የድምፁ ድግግሞሽ በግማሽ ይወርዳል፤ ድግግሞሹን በውጥረት ብቻ በእጥፍ ለማሳደግ ግን ውጥረቱ አራት እጥፍ መሆን ይኖርበታል። ከዚህ እንደሚታየው ከበሮ ሠሪው ወፍራምና ቀጭን ድምፅ ከአንድ ዕቃ ለማግኘት ሲፈልግ ቆዳውን እስኪቀደድ ከመወጠር ይልቅ አንዱን አፍ ማጥበቡ ትክክለኛው መንገድ ነበር። በሁለቱ አፎች ላይ ያለው ጠፍር አንድ ስለሆነ ውጥረቱ ተቀራራቢ ነው፤ ልዩነቱን የሚሠራው በአብዛኛው ስፋቱ ነው። ይህንን ቀመር አውሮፓውያን ሊቃውንት በሒሳብ ከመጻፋቸው በፊት የከበሮው ግንድ በቅርጹ ጽፎት ቆይቷል።

ሌላም ነገር አለ። የክር ድምፅ ተከታይ ድምፆቹ የመጀመሪያው ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ፣ አራት እጥፍ እያሉ በሙሉ ቁጥር ስለሚሄዱ ጆሮ አንድ የጠራ ድምፅ ይሰማል። የተወጠረ ክብ ቆዳ ግን ተከታዮቹ 1.59፣ 2.14፣ 2.30 እያሉ የሚሄዱ በመሆናቸው ድምፁ ከዜማ ጋር አይጋጭም፤ ዜማውም ከእርሱ ጋር አይጋጭም። የከበሮ ድምፅ የዜማውን ከፍታና ዝቅታ ሳይነካ ጊዜውን ብቻ የሚቆጥረው በዚህ ምክንያት ነው። ማኅሌቱ በግዕዝ ይሁን በዕዝል ወይም በአራራይ፣ ከበሮው ቅኝት ሳይለውጥ ያገለግላል።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ስለዚሁ ዕቃ የሚያስተምሩት ከዚህ የተለየ ነው። ሰፊው አፍ የመለኮት፣ ጠባቡ አፍ የትስብእት ምሳሌ ነው ይላሉ፤ ጠፍሩን በክርስቶስ ገላ ላይ በታየው የግርፋት ሰንበር፣ ማንገቻውን በታሰረበት ገመድ፣ የሚለብሰውን ጨርቅ በአለበሱት ልብስ ይመስሉታል። በዚህ አተረጓጎም መሠረት ከበሮ መምታት ሕማማትን ማሰብ እንጂ ጨዋታ አይደለም። ከበሮ መቺው በማኅሌቱ መካከል ቆሞ ሳለ ራሱን እንዳያሳይ የሚያደርገውም ይኸው ትርጉም ይመስላል። የሚያመሰግነው ሌላ ነውና የራሱ ስም በዚያ ቦታ አይጠራም።

የማኅሌቱን ሥርዓት ከማታ እስከ ጠዋት የሰማ ሁሉ የከበሮው ሥልጣን በመዘግየቱ እንደሆነ ያውቃል። ዜማው መጀመሪያ በቁም ይባላል፤ ያለ አንዳች መሣሪያ፣ በሰው ድምፅ ብቻ። ቀጥሎ በመቋሚያ ይዘመማል። ጸናጽሉና ከበሮው በመረግድ ሲገቡ መጀመሪያ በዝግታ ነው፤ ንዑስ መረግድ፣ ዐቢይ መረግድ እያለ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ በጽፋት ጊዜ ጭብጨባው ታክሎበት ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ የደከመው ሕዝብ ሁሉ ይነቃል። ይህን ፍጥነት የሚጨምረው ሰው ከበሮ መቺው ነው። ትንሽ ቢቸኩል ሊቃውንቱ ቃሉን ይውጡታል፤ ትንሽ ቢዘገይ ዜማው ይሞታል። በሰዓት የሚለካ ምንም መሣሪያ በእጁ የለም፤ ፊት ለፊቱ ያለው ሌላው ከበሮ መቺና በግራ በቀኝ የተሰለፉት የመዘምራን እግር ብቻ ነው።

ለዚህ የሚያበቃው ትምህርት አጭር አይደለም። ከቅዱስ ያሬድ ጋር ስሙ ተያይዞ የሚጠራው ዜማ በቃል ከተጠና በኋላ፣ ተማሪው ወደ አቋቋም ቤት ገብቶ የመቋሚያውን፣ የጸናጽሉንና የከበሮውን ሥርዓት ከአካል እንቅስቃሴው ጋር ዓመታት ፈጅቶ ይማራል። ጎንደር የአቋቋም ምንጭ ሆና ስትኖር፣ ከየአገሩ የመጣው ተማሪ በቁራሽ እንጀራ እየኖረ ይህን ተምሮ ወደ ደብሩ ይመለስ ነበር። ከዚያ በኋላ መሪጌታ ተብሎ ቢሾም እንኳ የሚታወቀው በመሪነቱ ነው፤ «ከበሮ አሳማሪ ነበሩ» የሚል ምስጋና በቃል ይነገርለት ይሆናል እንጂ በጽሑፍ አይቀመጥም።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለዚህ የሚቀርብ ነገር በስም ተጠርቶ ቀርቷል። በጨዋታ አዋቂነታቸው ዝናቸው በአገር የተሰማው የ19ኛው መቶ ዓመት ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና፣ የጣና ሞገድና በዳርቻው ያለው ሸምበቆ በነፋስ ሲወዛወዝ አይተው አዲስ የዝማሜ ስልት እንዳወጡ ይነገራል። የጎንደር ሊቃውንት አዲሱን አልቀበልም አሉ። አለቃም ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩ፤ ተክሌም በደብረ ታቦር ይዘውት ቆመው አስለመዱት፤ እስከ ዛሬም «ተክሌ» ተብሎ ይጠራል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ የአባትየው ስም የቀረው በቀልዳቸው ሲሆን፣ ስልቱ የተጠራው ተሸክሞት በዞረው ልጅ ስም መሆኑ ነው። ተክሌ ያስለመዱት መቋሚያና አካል የሚንቀሳቀስበትን አኳኋን እንጂ የከበሮ አመታት ብቻ እንዳልነበረ እውነት ነው፤ ሆኖም ከበሮው ለዚያ እንቅስቃሴ ካልታዘዘ ስልቱ ሊቆም አይችልም ነበር። ከተክሌ ጋር አብረው ቆመው ከበሮውን ለአዲሱ ሞገድ ያስገዙት ሰዎች ስም ግን በዚያው ሞገድ ሰጥሟል።

ነጋሪቱ የተለየ ታሪክ አለው። ቃሉ ራሱ «ነገረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ የሚናገር ከበሮ ማለት ነው። ከበሮው እንደ ድስት ጎድጎድ ያለ፣ አንድ አፍ ብቻ ያለው፣ በቆልማማ ዱላ የሚመታ ሲሆን፣ ገላው ከብር፣ ከመዳብ ወይም ከእንጨት እየሆነ የባለቤቱን ማዕረግ ይናገር ነበር። በበቅሎ ላይ በግራና በቀኝ ይጫንና መቺው በመካከል ተቀምጦ ይጎስመዋል። ሥር ያለው አየር ተዘግቶ በሚቀርበት በእንደዚህ ያለ ቅርጽ፣ የቆዳው ተከታይ ድምፆች ወደ 1፣ 1.5 እና 2 ይጠጋሉ፤ በዚህ ምክንያት የድስት ቅርጽ ያለው ከበሮ ከግንድ ከበሮ የበለጠ የጠራና ሩቅ ሆኖ የሚለይ ድምፅ ይሰጣል። የአውሮፓ ኦርኬስትራ ቲምፓኒም ከምሥራቅ አገር ፈረሰኞች ጥንድ ከበሮ የወረደ የዚሁ ዝርያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1769 ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በጎንደር የኖረው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ ነጋሪት የሥልጣን ምልክት መሆኑን፣ ሹም ሲሾም ነጋሪትና ሰንደቅ እንደሚሰጠው ጽፏል። የንጉሥ ነጋሪት ቁጥር 44 ነው የሚለው አነጋገርም በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ነው። ከጎንደር ነገሥታት ነጋሪቶች መካከል «ድብ አንበሳ» የሚባለው በዜና መዋዕል ሳይቀር ስሙ ተጠርቷል። አንባቢ ይህን ቆም ብሎ ይመልከተው፤ ከበሮው ስም አለው፣ የሚጎስመው ሰው የለውም። የበቅሎው ስም እንኳ ሳይታወቅ አይቀርም ነበር።

የነጋሪት ጉልበት ከሁሉ ይልቅ የታየው በ1888 ዓ.ም. ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በመስከረም ወር የክተት አዋጅ ሲያውጁ፣ አዋጁ በየገበያው በነጋሪት ተነገረ። በዚያ ዘመን በአገሪቱ ውስጥ ዜናን በአንድ ጊዜ ለብዙ ሕዝብ የሚያደርስ ሌላ መንገድ አልነበረም። ከአምስት ወር በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን፣ ከየአቅጣጫው የተሰበሰበው ሠራዊት በዓድዋ ተሰልፎ ነበር። የሠራዊቱን አመጣጥ የሚጽፍ ሰው ንጉሠ ነገሥቱን፣ እቴጌይቱን፣ ራሶቹን፣ ደጃዝማቾቹን በየስማቸው ይዘረዝራል፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን የከበሮ መቺ ታላቅነት በእጁ ድምፅ በተነሡት ሰዎች ብዛት የሚለካ ቢሆን፣ የዚያን መስከረም ነጋሪት ጎሳሚዎች የሚስተካከል በየትኛውም አገር መድረክ ላይ አልተገኘም። ጆን ቦናም በአዳራሽ የተቀመጠ ሕዝብ አስጨብጭቧል፤ እነዚያ ግን አርሶ አደሩን ከሞፈሩ አንሥተው ወደ ሰሜን አስጉዘውታል።

ይሁንና በዚህ መለኪያ ላይ ሚዛናዊ ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። ሕዝቡን ያስነሣው የአዋጁ ቃልና የንጉሡ ሥልጣን እንጂ የዱላው ጥበብ አይደለም ቢባል ትክክል ነው። ነጋሪት ጎሳሚው እንደ ቴሌግራፍ ኦፕሬተር ነው፤ መልእክቱን ያደርሳል፤ አይደርሰውም። ከዚህም በላይ ያው ነጋሪት ሕዝብ በገዛ ወገኑ ላይ እንዲዘምት፣ ግብር እንዲያገባ፣ ንብረቱ እንዲወረስም ተጎስሟል። ስለዚህ ነጋሪት ጎሳሚውን በጉልበቱ ብቻ ታላቅ ማለት ያስቸግራል።

መጋቢት 21 ቀን 1934 ዓ.ም. መንግሥት አዋጆቹን የሚያወጣበት ኅትመት «ነጋሪት ጋዜጣ» ተብሎ በአዋጅ ቁጥር 1 ተቋቋመ። ከበሮው በዚህ ጊዜ ወረቀት ሆነ። በ1987 ዓ.ም. የተተካው «ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ» የተቋቋመበት አዋጅ፣ በጋዜጣው የወጣውን ሕግ ማንኛውም አካልና ማንኛውም ሰው እንዳወቀው ይቆጠራል የሚለውን መርሕ አስፍሯል። ይህ የነጋሪት ሥርዓት ነው፤ በገበያ መካከል ከተጎሰመ በኋላ አልሰማሁም የሚል አይደመጥም ነበርና። በልደታ ችሎት ፊት የሚቆም ጠበቃ የአዋጁን ቁጥርና ዓመት ሲጠራ፣ ሳያስበው የበቅሎ ላይ ከበሮን ሕግ እየጠራ ነው።

የቤት ከበሮ ወይም አታሞ ግን ከእነዚህ ከሁለቱም በቁጥር ይበልጣል። ሠርግ ሲሆን፣ ልጅ ሲወለድ፣ ማኅበር ሲጠጣ የሚመታው ትንሹ ከበሮ ያለው በሴቶች እጅ ነው። ግንቦት ልደታም እንደዚሁ። በዚያ ቀን ጎረቤቱ ንፍሮውን፣ ዳቦውንና ቡናውን ይዞ ከቤት ውጭ ይሰበሰባል፤ ሥርዓቱ ደጅ መብላት ነው፤ ጨዋታው ሲሞቅም አንዲት ሴት ከበሮውን ከጉልበቷ ላይ አስተኝታ ትመታለች። በማኅሌቱ መካከል ከበሮ የመምታት ድርሻ ያልተሰጣቸው ሴቶች በደጅ የሰፈሩን ጊዜ ሲቆጥሩ ኖረዋል፤ በኋላም በሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ዘንድ ልጃገረዶች ከበሮውን አንግተው ሲመቱ ማየት የተለመደ ሆነ። በኢትዮጵያ ምድር እስከ ዛሬ ከተመታው ከበሮ አብዛኛውን የመታችው ሴት ናት ብሎ የሚገምት ሰው ከእውነት ብዙ አይርቅም። የትኛውም የዓለም ዝርዝር ግን ይህንን አያውቅም። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የልደታ አሮጌ መንደር ፈርሶ በኮንዶሚኒየም ሲተካ፣ ደጅ የነበረው ደረጃ ሆነ፤ ለሕንጻው ፕላን ያወጣ ባለሙያ የግንቦት ልደታን ንፍሮ የሚበላበትን ስፍራ ከሥዕሉ ውስጥ አስቦ እንደሆነ የሚጠይቅ ቢኖር መልሱ አጭር ነው።

የዘመናዊው ድራም ታሪክ ከዚህ ይልቅ በስም የተሞላ ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ብዙም አይሻልም። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም ያገኟቸውን 40 የአርመን ወላጅ አልባ ወጣቶች ወደ አዲስ አበባ አስመጥተው የማርሽ ሙዚቃ ጓድ አቋቋሙ፤ «አርባ ልጆች» የሚባሉት ናቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የብሔራዊ መዝሙሩን ዜማ ደረሱ። ከዚያም የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ጓዶች ተከተሉ። በማርሽ ጓድ ውስጥ ትልቁን ከበሮ፣ ትንሹን ከበሮና ሳህኑን የሚመቱት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1909 በአሜሪካ ሉድቪግ ያወጣው የእግር መርገጫ ይህንን ለውጦታል፤ አንድ ሰው ተቀምጦ በእግሩ ትልቁን፣ በእጆቹ ሌላውን እንዲመታ አስችሎ የሦስት ሰው ሥራ ለአንድ ሰው ሰጠ። መሣሪያው ቀላል ማንሻ ብቻ ነው፤ የ20ኛው መቶ ዓመት ሙዚቃ ግን በዚህ ማንሻ ላይ ቆሟል።

ድራሙ አዲስ አበባ ሲደርስ ያገኘው የከበሮ ሕግ ግን የራሱ ነበረው። ችክችካ የሚባለው ምት በስድስት ትንንሽ ምቶች ይሄዳል፤ ጆሮ ስድስቱን ሦስት ሦስት አድርጎ በሁለት፣ ወይም ሁለት ሁለት አድርጎ በሦስት ሊቆጥራቸው ይችላል፤ ጭፈራው ያለው በሁለቱ አቆጣጠር መካከል ነው። የውጭ አገር ድራም መጽሐፍ ይዞ የመጣ ተማሪ ይህን ከመጽሐፉ አያገኘውም። ለሰፊው አፍ የእግሩን ከበሮ፣ ለጠባቡ አፍ የእጁን እየሰጠ፣ ሁለት አፍ ያለውን የሠርግ ከበሮ በአምስትና በስድስት ዕቃ ላይ መዘርጋት ነበረበት። ይህን ሥራ የሠሩት የክብር ዘበኛው፣ የፖሊሱና በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ሙዚቀኞች፣ ኋላም በሆቴሎች የተነሡት የግል ባንዶች ናቸው።

በእነዚህ መካከል ለዓለም ዝርዝር በስም ሊቀርቡ ከሚችሉት አንዱ የዋልያስ ባንድ ድራም መቺ ተማረ ሐረጉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው «ቼ በለው» የተባለው ሸክላ፣ በተለይም በውስጡ ያለው «ሙዚቃዊ ስልት»፣ ድምፃዊ ሳይኖረው ከአገር አገር የዞረ ሥራ ነው። ሰዎች የኃይሉ መርጊያን ኦርጋን ያነሣሉ፤ እንዲያነሡም ይገባል። ዳሩ ግን ዜማውን ሳይጨናነቅ የተሸከመውን ምት ከሥሩ ቢያወጡት ኦርጋኑ መሬት ላይ ይወድቃል። በዚያው ሸክላ ላይ ቫይብራፎን የመቱት ሙላቱ አስታጥቄም በሠፊው ትርጉም የዚሁ ቤተሰብ አባል ናቸው፤ ቫይብራፎን የሚመታ መሣሪያ ነውና፣ ኮንጋንም ለአዲስ አበባ ያስተዋወቁት እርሳቸው ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሸክላዎቻቸውን በኒው ዮርክ ከቀረጹበት ከ1960ዎቹ አጋማሽ የአውሮፓውያን ዘመን ጀምሮ ስማቸው ታትሟል። ስለዚህ በውጭው መለኪያ የሚቀርብ ኢትዮጵያዊ ካለ ሙላቱ መሆናቸው አያከራክርም፤ ሆኖም ታላቅነታቸው በአቀናባሪነታቸው ነውና፣ በከበሮ መቺነት ዘውድ ቢደፋላቸው ክብራቸውን መቀነስ ይሆናል።

ከ1967 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የቆየው ሰዓት እላፊ የሌሊቱን ሙዚቃ በሆቴል ግቢ ውስጥ ዘጋው፤ የገባ እስኪነጋ አይወጣም፣ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ድራም መቺው ከሁሉም የሚደክመው ሰው መሆኑን የሚረሳ ካለ፣ ስምንት ሰዓት ያህል ያለ ማቋረጥ ሁለት እጅና ሁለት እግር ማንቀሳቀስ ምን እንደሆነ ያስብ። ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ተጉዞ ከአባላቱ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ፤ ከፊሎቹ ተመለሱ። ቀጥሎ የመጣው ኪቦርድ ከነምቱ ተሞልቶ ስለነበር ለካሴት አሳታሚው ድራም መቺ ማምጣት ትርፍ ወጪ ሆነበት። የኤሌክትሮኒክስ ምት አይደክምም፤ አይቸኩልም፤ አይዘገይም። ግን መረግድን ወደ ጽፋት ማሻገርም አይችልም፤ ማሻገር መቼ እንደሚገባ የሚነግረው የሰው ፊት አያይምና።

በአሜሪካም ከዚህ የማይሻል ነገር ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1969 የጄምስ ብራውን ድራም መቺ ክላይድ ስታብልፊልድ በአንድ ቀረጻ ላይ ጥቂት ሴኮንድ ብቻውን የመታው ምት፣ በኋላ እጅግ ብዙ ዘፈኖች ውስጥ ተቀድቶ ገባ። በዓለም ላይ በብዛት ከተሰሙት ምቶች አንዱ ሆነ ማለት ይቻላል። የደራሲነት መብት የተጻፈው በመሪው ስም ስለነበረ ስታብልፊልድ ከዚያ ሁሉ ቅጂ የደራሲ ድርሻ ሳያገኝ እ.ኤ.አ. በ2017 አረፈ። ሕጉ ዜማንና ግጥምን ንብረት ሲያደርግ ምትን ንብረት አላደረገም። ስለዚህ የከበሮ መቺ ስም አልባነት የኋላ ቀርነት ውጤት ነው የሚለው አስተያየት አይጸናም፤ ሸክላ፣ ውልና ጠበቃ ባለበት አገርም እጁ ተወስዶ ስሙ ቀርቷል።

ወደ ምርጫው ሲመለስ፣ ሦስት ዕጩዎች ይቀራሉ። ነጋሪት ጎሳሚው በጉልበት ያሸንፋል፤ ጉልበቱ ግን የተዋሰው ነው። ድራም መቺው በጥበብ ያሸንፋል፤ ሁለት ዓለምን በአንድ ወንበር ላይ ማስታረቁ ቀላል ሥራ አይደለም። የማኅሌት ከበሮ መቺው የሚያሸንፈው በሌላ ነው። አንድ ሥርዓት፣ ከኖታ ይልቅ ከሰው ወደ ሰው፣ ፍጥነቱ እንኳ ሳይዛነፍ ለመቶ ዓመታት እንዲሻገር አድርጓል። በምህንድስና ቋንቋ፣ በእያንዳንዱ ትውልድ አንድ ከመቶ ብቻ የሚሳሳት መሣሪያ ከሃያ ትውልድ በኋላ ወደ ሃያ ከመቶ ይጠጋል። የዝማሜና የመረግድ ሥርዓት ግን በየአድባራቱ ያሉ ሊቃውንት እርስ በርስ ተሰምተው ሊታረሙ በሚችሉበት ልክ ተጠብቆ ደርሷል። ከበሮ መቺው ብቻውን ስላልሆነ ነው፤ ቢሳሳት ቀኝና ግራው ያርመዋል። ድምፁን የተቀዳ ቴፕ ሳይኖር ይህን ያህል ዘመን ጊዜን በትክክል ማውረስ፣ በዚህ አስተያየት፣ ከሁለቱ ይበልጣል።

«አንድ ሰው ምረጥ ስትባል ሰልፍ መረጥክ» የሚል ተቺ አይታጣም። እውነት ነው። ነገር ግን ግንቦት 1 ዋዜማ በልደታ ቅጥር ግቢ የቆመ ሰው የሚያየው ይህንኑ ነው። ከመሸ በኋላ ቅዝቃዜና እርጥበት ሲመጣ ቆዳው ይረግባል፤ ሊቃውንቱም ከበሮውን ከልብሱ አውጥተው ያሞቁታል፤ በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ ይሰሙታል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ክብደቱ ትከሻ የሚቆርጠው አንዱ ሲደክም፣ ሌላው ከጎኑ ቀርቦ ማንገቻውን ከአንገቱ ላይ ይቀበለዋል። ቅብብሉ የሚደረገው ምቱ ሳይቋረጥ ነው፤ የመጀመሪያው ሰው ሰፊውን አፍ እየመታ ሳለ አዲሱ ጠባቡን ይጀምራል፤ ከሁለት ወይም ከሦስት ምት በኋላ ፊተኛው እጁን ያነሣና ወደ ጸናጽሉ ሰልፍ ይመለሳል።